የድሮ የጦር ሜዳ ስናይፐር ጠመንጃዎችና መነጽሮቻቸው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ድሮ አልሞ ተኳሽ ጠመንጃዎች ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፣ ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ስናይፐር ጠመንጃ ተራው ወታደር ከሚይዘው በምን ይለያል?

ብዙ ሰው ከስር ጀምሮ ለብቻው የተሠራ ልዩ ጠመንጃ ይመስለዋል። በድሮው ጊዜ ግን አብዛኛው ያው እግረኛው የሚሸከመው ጠመንጃ ነው። የሩሲያው ሞሲን፣ የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ፣ የጀርመኑ ማውዘር፣ የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ ሁሉም እግረኛ ጠመንጃ ነበሩ። ፋብሪካ ውስጥ ጠመንጃ ሲፈተሽ አንዳንዱ ጥይቶቹን ከሌሎቹ ጠበብ አድርጎ አንድ ቦታ ያሳርፋል፣ እንደዛ ያለው ተለይቶ ይቀመጥና መነጽር ማሰሪያ ይበጅለታል፣ ማቀባበያ እጀታው ይቀየራል፣ ሰደፉ ላይ ጉንጭ ማሳረፊያ እንጨት የሚጨመርለትም አለ፣ በቃ ስናይፐር ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ልዩነቱን የሚያመጣው መነጽሩ፣ መነጽሩን የሚይዘው ብረትና ከኋላ የተኛው ሰውዬ ነው። እኔ በተለይ ስለ ማሰሪያው ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ በርሜሉና ስለ ሌንሱ ሲያወራ ይሄን ትንሽ ብረት ይረሳዋል፣ ጦር ሜዳ ላይ ደግሞ አብዛኛው ችግር የመጣው ከእሱ ነው።

ስናይፐር የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ከወፍ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ስናይፕ የምትባል ረግረግ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ወፍ ያድኑ ነበር፣ ስትነሳ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘች ስለምትበር እሷን የሚመታ ሰው ጎበዝ ተኳሽ ነው ተባለና ስሙ ቀረ። የኛ አልሞ ተኳሽ ግን ወፍም ምንም አያስፈልገውም፣ ሥራውን እንዳለ ይናገራል።

ጠመንጃ ላይ መነጽር አስሮ መዋጋት መቼ ተጀመረ?

በ1861 በጀመረው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ በርሜሉን የሚያህል ረጅም ቱቦ የታሰረባቸው ጠመንጃዎች ነበሩ፣ ደቡቦቹ ደግሞ የበርሜሉ ቀዳዳ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነ ዊትዎርዝ የሚባል የእንግሊዝ ጠመንጃ አስመጥተው ነበር። ግን ነገሩ የሠራዊት ሥራ የሆነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1914 መጨረሻ ሁሉም ምሽግ ቆፍሮ ሲቀመጥ ጀርመኖች ቀደሙ፣ አገሩ አዳኝ የሞላበት ስለሆነ ባለ መነጽር የአደን ጠመንጃ ከሕዝቡ ሰብስበው ግንባር ላኩ፣ ቀጥሎም ጌቬር 98 በሚባለው የእግረኛ ማውዘራቸው ላይ መነጽር እያሰሩ ማደል ጀመሩ። እንግሊዞቹ ጋ ከምሽጉ ጠርዝ ብቅ ያለ ጭንቅላት ሁሉ ይመታ ነበር፣ ከየት እንደተተኮሰ እንኳን አያውቁም።

ይሄን የቀየረው ሄስኬት ፕሪቻርድ የሚባል አዳኝ የነበረ የእንግሊዝ መኮንን ነው፣ በ1916 የአልሞ ተኳሾች ትምህርት ቤት ከፈተ። ጀርመኖቹ ከብረት ሳህን ጀርባ ሲተኩሱ እንግሊዞቹ ብረቱን ለመብሳት ዝሆን የሚታደንበት ትልቅ ጠመንጃ አመጡ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የወረቀት ጭንቅላቱ ነገር ነው፦ ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ የወታደር ጭንቅላት በእንጨት ላይ ሰክተው ቀስ አድርገው ከምሽጉ ብቅ ያደርጉታል፣ ጠላት ይመታዋል፣ ጥይቱ ከፊት ገብቶ ከኋላ ሲወጣ ሁለት ቀዳዳ ይተዋል፣ ከዛ ጭንቅላት ሳያወጡ ከምሽግ ውስጥ የሚያዩበትን ፔሪስኮፕ አስጠግተው በሁለቱ ቀዳዳ አቅጣጫ ሲያዩ መስመሩ ቀጥ ብሎ ተኳሹ ወደተደበቀበት ቦታ ይወስዳቸዋል።

መነጽሮቹ ለምን ትንሽ ብቻ ነበር የሚያቀርቡት?

ይሄ ጥያቄ በጣም ይመጣል፣ ምክንያቱም ዛሬ ሰው ከ20 እጥፍ በላይ የሚያቀርብ መነጽር ገበያ ላይ ስለሚያይ የድሮውን ሲሰማ ይገርመዋል። የሩሲያው ፒዩ 3.5 እጥፍ ነው፣ የእንግሊዙ ቁጥር 32 ደግሞ 3 እጥፍ፣ የጃፓኑ ታይፕ 97 2.5 እጥፍ፣ የጀርመኑ ዜድ ኤፍ 41 ጭራሽ 1.5 ብቻ ነው።

አንደኛ፣ እጥፉ በጨመረ ቁጥር የሚታየው ቦታ ይጠባል፣ እጅህ ትንሽ ስትንቀጠቀጥም ሁሉ ነገር ይዘላል። ሁለተኛ ብርሃን ነው። የፒዩ የፊት ሌንስ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ያንን በ3.5 ስታካፍለው ወደ 6 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የብርሃን ክብ ዓይን ላይ ይደርሳል፣ በጨለማ ጊዜ የሰው ዓይን ብሌን የሚከፈተውም ይሄንኑ ያህል ነው፣ ስለዚህ ንጋትና ምሽት ላይ ያለው ብርሃን ሳይባክን ይገባል። በዛችው ሌንስ 10 እጥፍ ቢያደርጉት ምሽት ላይ ጭጋግ ብቻ ነበር የሚታየው። ብዙ ተኩስ ደግሞ የነበረው በነዛ ሰዓቶች ነው።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ዒላማ ፍለጋው በጠመንጃው መነጽር አልነበረም። እንግሊዞች ጥንድ ሆነው ነው የሚወጡት፣ አንዱ ስካውት ሬጅመንት የሚባል 20 እጥፍ የሚያቀርብ የሚጎተት ቱቦ ይዞ ያያል፣ ያኛው ይተኩሳል። ጠመንጃው ላይ ያለው መነጽር ለመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ነው።

የሩሲያው ሞሲን ይሄን ያህል የሚወደሰው ለምንድነው? ፒኢ፣ ፒኢኤምና ፒዩ የሚባሉትስ ምንድናቸው?

ሦስቱም የመነጽር ስሞች ናቸው። ፒኢ በ1930ዎቹ የጀርመን ኦፕቲክስ ተከትሎ የተሠራ 4 እጥፍ የሚያቀርብ ጥሩ መነጽር ነው፣ ለተኳሹ ዓይን የሚስተካከል ቀለበት ነበረው። ቀለበቱ ውሃና አቧራ ያስገባል ተብሎ ተነሳና ፒኢኤም መጣ። ፒዩ መጀመሪያ የተሠራው በ1940 ኤስቪቲ 40 ለሚባል በራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ነው፣ በ1942 ደግሞ ለሞሲን እንዲሆን ተደረገና በጦርነቱ ዋናው እሱ ሆነ። አጭር፣ ቀላል፣ ብዙ ክፍል የሌለው ነገር ስለሆነ ጀርመን እየገፋ በመጣበት ሰዓት በብዛት ማምረት ተቻለ።

አንድ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከጠመንጃው የተለየ ፒዩ አግኝቼ በእጄ ይዤዋለሁ። ከአንድ ስንዝር ያንሳል፣ ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ግን ከበድ ይላል፣ ጥቁሩ ቀለም እጅ በሚበዛበት ቦታ ለቆ ብረቱ ያበራል፣ ሌንሶቹን የሚሸፍኑት የቆዳ ክዳኖች በቀጭን ጠፍር ተያይዘዋል፣ ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስታይበት መስቀል አይደለም ያለው፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሹል ጦር የመሰለ ወፍራም መስመርና ከግራና ከቀኝ ሁለት አግዳሚ መስመሮች ናቸው፣ መሀሉ ባዶ ነው። የላይኛዋን መዘወሪያ ሳዞር መስመሮቹ ራሳቸው ዓይኔ ሥር ዝቅ ከፍ ሲሉ አየሁ፣ ርቀቱ እስከ 13 ተጽፏል፣ 1300 ሜትር ማለት ነው። ሻጩ እስኪቆጣኝ ድረስ ሳላስቀምጠው ቆየሁ።

የሞሲን ጥሩነቱ ከበርሜሉ ርዝመትና ከጥይቱ ነው፣ ጉድለቱ ደግሞ ምላጩ ከባድና የሚያንሸራትት መሆኑ። ሰደፉም አጭር ነው፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ነገር ስለሌለው መነጽሩን ለማየት አገጭህን ነው የምታስደግፈው። ፍጹም ጠመንጃ አይደለም፣ የሚሠራ ጠመንጃ ነው፣ በዛ ሁኔታ የሚያስፈልገውም እሱ ነበር።

መነጽሩ ለምን በጎን ወይም በጣም ከፍ ብሎ ይታሰራል? የሞሲን ማቀባበያ እጀታስ ለምን ታጠፈ?

የዛን ጊዜ ጠመንጃዎች ጥይት የሚጎርሱት ከላይ ነው፣ አምስት ጥይት የተሰካበትን ክሊፕ ከላይ አስገብተህ በአውራ ጣት ትጫናለህ። መነጽር በላዩ ከተጋደመ ክሊፑ መግቢያ የለውም፣ ስለዚህ የሞሲን ስናይፐር የያዘ ሰው አንድ አንድ ጥይት እየለቀመ ነበር የሚያጎርሰው፣ በውርጭ ጓንት አድርገህ ስታስበው ቀላል አይደለም። ኤም ዋን ጋራንድ በሚባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ላይ ደግሞ ስምንት ጥይት ያለው ክሊፕ የግድ ከላይ መግባት ስላለበት አሜሪካኖች መነጽሩን ወደ ግራ አሸሹት፣ ከዛ የተኳሹ ፊት ከሰደፉ ስለሚርቅ ጎን ላይ የቆዳ ትራስ አሰሩለት።

እጀታውን በተመለከተ፣ ተራው ሞሲን ማቀባበያው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ አጭር ብረት ነው። ስታቀባብል ወደ ላይ ይነሳል፣ መነጽር ካለ ይጋጫል። ስለዚህ ረዝሞ ወደ ታች ታጠፈ። በፎቶ ላይ ስናይፐር ሞሲን መሆኑን ከሩቅ የምታውቀው በዚህ ነው።

ለምን በራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ አልተጠቀሙም?

ሞክረዋል። ሶቪየቶች ኤስቪቲ 40ን ስናይፐር ለማድረግ ፈልገው ነበር፣ ጥይቶቹን ግን እንደ ሞሲን ጠበብ አድርጎ አያሳርፍም፣ በ1942 የስናይፐሩ ምርት ቆመና ወደ ድሮው ሞሲን ተመለሱ። ጀርመኖችም ጌቬር 43 ላይ ዜድ ኤፍ 4 የሚባል 4 እጥፍ መነጽር አሰሩ፣ አሜሪካኖችም ኤም ዋን ሲና ኤም ዋን ዲን ሠሩ። በእጅ የሚቀባበለው ግን የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ በርሜሉም በእያንዳንዱ ተኩስ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሌላም ጥቅም አለው፣ ከተኮስክ በኋላ ቀለሁን ካልፈለግክ አታወጣውም፣ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ ነሐስ ወደ ጎን አይዘልም፣ እጅህም ጸጥ ብሎ ይቆያል።

የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ ቁጥር 4 ቲ ለምን ምርጡ ይባላል?

እኔም ምርጡ ነው ከሚሉት ነኝ። ከፋብሪካ በደንብ የሚመቱት ጠመንጃዎች ይመረጡና ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ወደሚባለው ስመ ጥር የአደን ጠመንጃ ሠሪ ይላኩ ነበር፣ እዛ ማሰሪያው በእጅ እየተሞረደ ይገጠምለታል፣ ሰደፉ ላይ የጉንጭ እንጨት ይታሰራል። በዚህ ድርጅት ብቻ ከ20 ሺህ በላይ ተሠርቷል። መነጽሩ ቁጥር 32 የሚባለው መጀመሪያ የታሰበው ለብሬን መትረየስ ነበር፣ ለዛ ነው እንደዛ የወፈረውና የጠነከረው።

በጣም የምወደው ሥርዓቱን ነው። የመነጽሩ ቁጥር የጠመንጃው እንጨት ላይ ይቀረጻል፣ ምክንያቱም ይሄ መነጽር የዚህ ጠመንጃ ብቻ ነው፣ ከሌላ ጋር ቢቀያየር ዜሮው፣ ማለትም ያለምክበትና ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ መግጠሙ፣ ይጠፋል። መነጽሩ ለብቻው የብረት ሳጥን አለው፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚገባበት ትልቅ የእንጨት ሳጥንም አለ። የሚፈታውም በሁለት የጣት ብሎን ስለሆነ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠመንጃው እንዲህ ስለተጠበቀ በ1970 ወደ 7.62 ናቶ ጥይት ተቀይሮ ኤል 42 ኤ 1 በሚል ስም ቀጠለ፣ በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ላይ እንግሊዞች የያዙት ይሄንኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ በ1982 ሲዋጋ ይታያችሁ።

አሜሪካኖችስ? በኮሪያ ከቃኘው ሻለቃ ጋር የተያያዘ ነገር አለ?

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በቂ የስናይፐር ጠመንጃ አልነበራትም፣ ስለዚህ ሬሚንግተን የሚሠራውን ስፕሪንግፊልድ 1903 ወስደው የተለመደውን የብረት ማነጣጠሪያ አነሱና ከሱቅ የሚገዛ ዊቨር የሚባል የአደን መነጽር አሰሩበት፣ ኤም 1903 ኤ 4 አሉት። መነጽሩ ግን ለአደን እንጂ ለጦርነት አልተሠራም፣ ውሃ ይገባዋል፣ ከገባ በኋላ ውስጡ ጉም ይሆናል። የብረት ማነጣጠሪያው ደግሞ ስለተነሳ መነጽሩ ከተበላሸ ወታደሩ እጁ ላይ የቀረው ዱላ ነው። ማሪኖቹ ኡነርትል የሚባል 8 እጥፍ የሚያቀርብ ረጅም መነጽር መረጡ፣ እሱ እስከ ቬትናም ድረስ ሄዷል።

የቃኘው ወታደሮች በግንቦት 1951 ፑሳን ወርደው ከ7ኛው የአሜሪካ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፉ የታጠቁት የአሜሪካ መሣሪያ ነው፣ ኤም ዋን ጋራንድንም ከዛ ነው የለመዱት። አሜሪካኖቹ በዛ ጦርነት የተጠቀሙባቸው ኤም ዋን ሲ ስናይፐሮች የዛው ጠመንጃ ወንድም ናቸው። ቤት ውስጥ የአባት የኮሪያ ፎቶ ያለው ሰው ጠመንጃውን ቀረብ ብሎ ቢያየው ያ ስምንት ጥይት የሚጎርሰው ኤም ዋን ሊሆን ይችላል።

የጀርመኑ ዜድ ኤፍ 41 ስናይፐር መነጽር ነው ወይስ አይደለም?

ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ግን በእውነት አይደለም። 1.5 እጥፍ ብቻ ነው፣ የሚቀመጠውም ዓይን አጠገብ ሳይሆን ወደ ፊት የብረቱ ማነጣጠሪያ ላይ ነው፣ ስለዚህ በጠባብ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ሐሳቡ እያንዳንዱ ጓድ ውስጥ ትንሽ የተሻለ የሚተኩስ ሰው እንዲኖር ነበር፣ ከመቶ ሺህ በላይም ተሠርቷል፣ ግንባር ላይ ግን ተኳሾቹ አልወደዱትም። እውነተኛዎቹ የጀርመን ስናይፐሮች ካር 98 በሚባለው ማውዘር ላይ 4 እጥፍ የሚያቀርቡ የዛይስ፣ የሄንዞልት፣ የካሌስና የመሳሰሉት መነጽሮች የታሰሩባቸው ናቸው። የጃፓኑ ታይፕ 97 መነጽር ደግሞ ጭራሽ መዘወሪያ የለውም፣ ፋብሪካ ውስጥ ተስተካክሎ ይታሰራል፣ ተኳሹ ርቀትና ንፋስን በመስመሮቹ ገምቶ ነው የሚተኩሰው።

ሲሞ ሃይሃ ያለ መነጽር እንዴት ያን ሁሉ መታ?

ፊንላንዳዊ ገበሬና አዳኝ ነው፣ በ1939 እና 1940 ክረምት ኮላ በሚባለው ግንባር ሶቪየቶችን የተዋጋው። ጠመንጃው ኤም 28-30 የሚባል የፊንላንድ ሞሲን ነው፣ መነጽር አልነበረውም፣ በብረት ማነጣጠሪያ ነው የተኮሰው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መነጽር ያለው ሰው ጭንቅላቱን ከፍ ማድረግ አለበት፣ ሌንስ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ሲደርስ ሌንሱ በትንፋሽ በረዶ ይይዛል። እሱ አፈሙዙ ፊት ያለውን በረዶ ይደመድመው ነበር፣ ሲተኩስ ብናኙ እንዳይነሳ። ትንፋሹ እንዳይታይም አፉ ውስጥ በረዶ ይይዛል።

መጋቢት 6 ቀን 1940 አገጩ ላይ በሚፈነዳ ጥይት ተመታ፣ ፊቱ ተጣመመ፣ ግን ተርፎ እስከ 2002 ኖሯል። የኛም አያቶች በምንሽርና በውጅግራ ያለ መነጽር ነው አልመው የተኮሱት፣ ስለዚህ በብረት ማነጣጠሪያ ሰው መምታት ይቻላል ወይ የሚለው ለኛ አገር ሰው የሚገርም ጥያቄ አይመስለኝም።

በስንት ሜትር ነበር የሚመቱት?

ከሚታሰበው በጣም አጭር ነው። በምሽግ ጦርነት ጊዜ አብዛኛው ከ300 ሜትር በታች ነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥሩ ተኳሽ እስከ 400 እና 600 ሜትር ድረስ በአስተማማኝ ሁኔታ ይመታል፣ ከዛ በላይ ንፋሱና የርቀት ግምቱ ያስቸግራል፣ ያኔ ርቀት በሌዘር አይለካም፣ በዓይን ነው። መዘወሪያው ላይ 1300 ስለተጻፈ ሰው 1300 ላይ ይመታል ማለት አይደለም።

በቬትናም አሜሪካዊው ማሪን ካርሎስ ሃትኮክ በ1967 በ2286 ሜትር መቷል፣ ግን እሱ የተኮሰው በተራ ጠመንጃ ሳይሆን ኡነርትል መነጽር በታሰረበት ኤም 2 ከባድ መትረየስ ነው። ክብረ ወሰኑ እስከ 2002 ቆየ።

ዜሮ ማድረግ ምንድነው? መነጽሩን አውርዶ መልሶ ማሰርስ ያጠፋዋል?

ዜሮ ማለት ዓይንህ ያለመው ነጥብና ጥይቱ የሚያርፍበት ነጥብ በአንድ የታወቀ ርቀት ላይ እንዲገጥሙ ማድረግ ነው። መነጽሩ ከበርሜሉ በላይ ነው ያለው፣ ጥይቱ ደግሞ እየወደቀ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ አንተ ነህ የምትወስነው።

አሁን ማሰሪያውን ስለምን እንደማነሳ ላሳያችሁ። ማሰሪያው 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው እንበል፣ አንዱ ጫፉ በአንድ ፀጉር ውፍረት፣ ማለትም በ0.1 ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ፣ በ400 ሜትር ላይ 40 ሴንቲ ይስታል። በአንዲት ፀጉር ማለት ነው። ለዛ ነው እንግሊዞች በእጅ የሞረዱት፣ ለዛ ነው የጀርመን ማሰሪያዎች ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለብቻ የተገጠሙት። ጥሩ የተገጠመ ማሰሪያ ወርዶ ሲመለስ ዜሮውን ይጠብቃል፣ የላላ ከሆነ ግን መነጽሩ የዓለም ምርጥ ቢሆንም ዋጋ የለውም።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ተራው ሞሲን ዜሮ የሚደረገው ሳንጃው ተሰክቶ ነው፣ ምክንያቱም እግረኛው ሳንጃውን አያወልቅም። ስናይፐሩ ሞሲን ግን ያለ ሳንጃ ነው። ሳንጃ ብትሰካበት የበርሜሉ ንዝረት ይቀየርና ጥይቱ ሌላ ቦታ ያርፋል።

ሴት አልሞ ተኳሾች የነበሩት እውነት ነው?

አዎ፣ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ። ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ ኦዴሳና ሴባስቶፖል ላይ ተዋግታለች፣ 309 ሰው መምታቷ ተመዝግቦላታል፣ በ1942 አሜሪካ ሄዳ ዋይት ሀውስ ተቀብሏታል። ከ1943 ጀምሮ ደግሞ ሞስኮ አቅራቢያ ፖዶልስክ ላይ የሴቶች ስናይፐር ማሰልጠኛ ነበር፣ ከሺህ በላይ ተመርቀዋል። ሮዛ ሻኒና ከዛ ወጥታ በጥር 1945 ስትሞት 20 ዓመቷ ነበር።

የተገደሉት ሰዎች ቁጥር ይታመናል? የዛይትሴቭ ፍልሚያስ?

ቁጥሩ አገር በአገር የሚቆጠርበት መንገድ የተለያየ ነው። ሶቪየቶች ለተኳሹ ደብተር ይሰጡትና ምስክር ይፈርምበታል፣ አሜሪካኖች ሦስተኛ ሰው ካላረጋገጠ አይቆጥሩም፣ ሃትኮክ 93 ብቻ የተመዘገበለት በዚህ ነው። የሲሞ ሃይሃ ከ500 በላይ ይባላል፣ ምንጭ ከምንጭ ግን ይለያያል። ደግሞም የወደቀ ሁሉ የሞተ አይደለም። ስለዚህ ሰዎችን በቁጥር ደርድሮ እንደ እግር ኳስ ግብ ማወዳደር ትክክል አይመስለኝም፣ እያንዳንዱ ቁጥር እናት የነበረው ሰው ነው።

የሶቪየቱ ተኳሽ ቫሲሊ ዛይትሴቭ ስታሊንግራድ ላይ በ1942 መጨረሻ 225 መትቷል ተብሎ ተመዝግቧል፣ ጠመንጃውም ቮልጎግራድ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ሜጀር ኮኒግ ከሚባል የጀርመን ስናይፐር አሰልጣኝ ጋር ተፋልሟል የሚባለው ግን በጀርመን መዛግብት የሚደግፈው አልተገኘም። ጎበዝ ተኳሽ መሆኑ ያለ ኮኒግም ይበቃዋል።

ድራጉኖቭ እውነተኛ ስናይፐር ነው ወይስ ረጅም ክላሽ?

ክላሽ አይደለም። የውስጥ አሠራሩ የተለየ ነው፣ የሚተኩሰውም ያንኑ የሞሲንን 7.62 በ54 ጥይት ነው፣ ከክላሽ ጥይት ጋር አይገናኝም። ዬቭጌኒ ድራጉኖቭ ሠርቶት በ1963 ወደ ሠራዊት ገባ፣ ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፣ በራሱ ያቀባብላል። ከ1977 ወዲህ የሶቪየት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ስለገባ ስሙ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም።

ክርክሩ የሚመጣው ሥራው ስለሚለይ ነው። ሶቪየቶች ለብቻው ወጥቶ ቀን ሙሉ ለሚተኛ ሰው አይደለም የሠሩት፣ ከጓዶቹ ጋር እየተራመደ ክላሽ የማይደርስበትን እንዲመታላቸው ነው፣ ለዛም ነው ሳንጃ መስኪያ እንኳን ያለው። በጣም የማደንቀው መነጽሩን ፒኤስኦ 1ን ነው። 4 እጥፍ ነው፣ ውስጡ በትንሽ አምፖል ይበራል፣ ከታች በግራ በኩል ደግሞ እንደ ቁልቁለት የሚወርድ ጠማማ መስመር አለው። የቆመን ሰው እግሩን አግዳሚው መስመር ላይ ታስቀምጥና ጭንቅላቱ ጠማማውን የሚነካበት ቦታ ላይ ያለውን ቁጥር ታነባለህ፣ 4 ከሆነ 400 ሜትር ነው። የተሰላውም 1.7 ሜትር ለሚረዝም ሰው ነው። ያለ ባትሪ ርቀት መለኪያ ማለት ነው፣ እንዲህ ቀላል አድርጎ ያሰበውን ሰው አደንቃለሁ።

ፎቶ ላይ ወይም ሙዚየም ውስጥ እውነተኛውን ስናይፐር ከአስመሳዩ እንዴት ልለይ?

መነጽር ስላለው ብቻ አትመኑ። ዛሬ ተራ ሞሲን ላይ ቀዳዳ በስቶ አዲስ የተሠራ ፒዩ እያሰረ የሚሸጥ ብዙ ነው። የታጠፈው እጀታ መኖሩን እዩ፣ የመነጽሩና የጠመንጃው ቁጥር የሚገናኝ መሆኑን እዩ፣ ማሰሪያው ከጠመንጃው ጋር አብሮ ያረጀ መሆኑን እዩ፣ ብረቱ አዲስ ሆኖ እንጨቱ አሮጌ ከሆነ ነገር አለው። ሊ ኢንፊልድ ከሆነ ሰደፉ አንገት ላይ የተቀረጸውን የመነጽር ቁጥር ፈልጉ።

ከባዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ተራ የሚመስል እውነተኛ ስናይፐር። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሞሲኖች መነጽራቸው ወርዶ፣ ቀዳዳቸው በብሎን ተደፍኖና ተበይዶ፣ ቀጥ ያለ እጀታ ተመልሶላቸው ከተራዎቹ ጋር ተቀላቅለዋል። ከላይ ሲታዩ ምንም አይለዩም። በግራ ጎኑ ግን፣ እንጨቱና ብረቱ ከሚገናኙበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ብርሃን ላይ ገደም ስታደርጉት ሁለት ክብ ጥላዎች ይታያሉ፣ ተሞርደው ቢለሰልሱም በጣት ስትዳብሷቸው ይታወቃሉ።